ከተማ ለአፈር ያለበት ዕዳ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ያለው ግንኙነት የመውሰድ ብቻ ሳይሆን የመመለስም ግንኙነት ነው። ሰው ከመሬት እህል፣ አትክልትና ፍራፍሬ ያገኛል፤ መሬትም በበኩሉ ከሰውና ከእንስሳት የሚተርፈውን መልሶ በመቀበል ለምነቱን ያድሳል። ይህ የልውውጥ ሰንሰለት በአንድ ቦታ ላይ በተበጠሰ ጊዜ በአንደኛው ጫፍ የቆሻሻ ተራራ፣ በሌላው ጫፍ ደግሞ የተራቆተ ማሳ ይፈጠራል። ሁለቱ ችግሮች በሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች፣ በሁለት የተለያዩ በጀቶችና በሁለት የተለያዩ ሪፖርቶች የሚታዩ ቢሆኑም፣ በመሠረቱ የአንድ ችግር ሁለት ገጽታዎች ናቸው።

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት አነስተኛ ይመስላል። ይኸውም በከተሞቻችን የጋራ የአትክልት ሥፍራዎች ውስጥ የብስባሽ ዝግጅትና የትል እርባታ ሊኖራቸው የሚገባው ቦታ ነው። ስለ ትል በጋዜጣ ዐምድ መጻፍ አንዳንድ አንባቢያንን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ሆኖም ቻርልስ ዳርዊን በዓለም የታወቀበትን የዝርያዎች አመጣጥ ትንታኔ ካቀረበ በኋላ የመጨረሻውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1881 ያወጣው ስለ መሬት ትል ነበር። በዚህ መጽሐፉ በብዙ የእንግሊዝ አካባቢዎች በአንድ ኤከር መሬት ላይ በየዓመቱ ከ10 ቶን በላይ አፈር በትሎች አንጀት ውስጥ አልፎ ወደ ላይ እንደሚወጣ አስልቶ አሳይቷል። ማረሻ ከመፈልሰፉ ከብዙ ዘመን በፊት መሬት በትል ስትታረስ እንደኖረች ያስረዳው ይኸው ሳይንቲስት ነው። ስለሆነም ጉዳዩ ከሳቅ ይልቅ ጥናትና ክርክር የሚገባው ነው።

የተበጠሰው ሰንሰለት

የከተማና የገጠር ግንኙነት በአፈር ለምነት ላይ ያስከተለው መዛባት የቅርብ ጊዜ ክስተት አይደለም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ ከተሞች በኢንዱስትሪ ዕድገት ሳቢያ በፍጥነት ሲያብጡ፣ ከገጠር የሚጫነው እህልና ሥጋ በከተማ ይበላ ነበር። ተረፉ ግን ወደ መጣበት ማሳ መመለሱ ቀርቶ ወደ ወንዝ ይደፋ ጀመር። የጀርመኑ ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ ይህን አሠራር የአፈር ዝርፊያ ሲል አወገዘው። ካርል ማርክስም የሊቢሽን ጥናት መሠረት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ1867 በታተመው የ«ካፒታል» አንደኛ ቅጽ ውስጥ፣ ሕዝብን በትላልቅ ከተሞች የሚያከማቸው የምርት ሥርዓት በሰውና በመሬት መካከል ያለውን የቁስ ዝውውር እንደሚያናጋ፣ ሠራተኛውንና መሬቱንም በአንድነት እንደሚያደኸይ ተንትኗል። በፖለቲካ አመለካከቱ የማይስማማ ሰው እንኳ ይህን የአፈር ትንታኔ ለማስተባበል ይቸገራል።

ሁኔታው በተጨባጭ ምን እንደሚመስል ለንደን አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1858 በጋ የቴምዝ ወንዝ ከቆሻሻው ብዛት የተነሣ ያወጣው ሽታ የፓርላማውን ሥራ እስከማወክ ደርሶ ነበር። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ እርሻ ለምነቱን ለመጠበቅ ከፔሩ ደሴቶች የወፍ ኩስ በመርከብ እየጫነ ያስመጣ ነበር። የከተማው ሕዝብ ለአፈር የሚጠቅመውን ሀብት ወደ ወንዝ እየደፋ፣ ገበሬው ግን ያንኑ ዓይነት ሀብት ከውቅያኖስ ማዶ በገንዘብ ይገዛ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የኬሚስትሪ እመርታ ታላቅ ነው። ፍሪትስ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1913 የመጀመሪያው ትልቅ ፋብሪካ በጀርመን ኦፓው ሥራ ጀመረ። ዛሬ የዓለም ሕዝብ የሚበላው እህል ከፍተኛ ክፍል በዚህ ዘዴ ላይ የተመሠረተ ነው። ይሁን እንጂ ዘዴው በአመዛኙ የተፈጥሮ ጋዝን በጥሬ ዕቃነትና በኃይል ምንጭነት ስለሚጠቀም፣ የጋዝ ዋጋ በናረ ቁጥር የማዳበሪያ ዋጋም አብሮ ይንራል። በ2014 ዓ.ም. በዩክሬን የተቀሰቀሰው ጦርነት የዓለምን የማዳበሪያ ገበያ እንዴት እንዳናጋው፣ የዚህም ጫና እስከ ጎጃምና እስከ አርሲ ገበሬ ደጃፍ እንዴት እንደደረሰ የሚረሳ አይደለም። አገራችን የምትጠቀምበትን የኬሚካል ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ እየገዛች እስከኖረች ድረስ፣ የእርሻችን ቁልፍ በከፊል በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ይቆያል።

የአገራችን ተጨባጭ ሁኔታ

በአገራችን የተረፈውን ወደ አፈር የመመለስ ዕውቀት አዲስ ነገር አይደለም። በጉራጌ፣ በሲዳማና በጌዴኦ የእንሰት ተክል ከቤቱ አጠገብ የሚቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። የበረቱ ፍግ፣ የምድጃው አመድና የቤቱ ጥራጊ በየዕለቱ፣ በአብዛኛው በሴቶች እጅ፣ ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳል። መሬቱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲሠራበት ኖሮ ያልነጠፈውም በዚህ ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከንም ከድንጋዩ ጥበብ ጋር ፍግን ወደ ማሳ የማጓጓዝን ልፋት አብሮ የያዘ ነው። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ደግሞ ከቤት አጠገብ ያለው የጓሮ መሬት ጎመኑንና በቆሎውን አብልጦ የሚሰጠው አመድና ፍግ ስለሚደርሰው እንደሆነ ማንኛዋም ባልቴት ታስረዳለች።

ሆኖም ደን ተመንጥሮ ማገዶ ሲጠፋ፣ ለማሳ ይውል የነበረው ፍግ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ገባ። የእህሉ አገዳና ገለባም ለከብት መኖና ለማገዶ ተሻሙበት። በዚህ ምክንያት አፈራችን ይሰጣል እንጂ አይቀበልም። ከሚታረሰው መሬታችን 40 ከመቶ የሚሆነው በአፈር አሲዳማነት የተጠቃ መሆኑ በባለሙያዎች በተደጋጋሚ የሚገለጸው፣ ከዝናቡና ከአፈሩ ጠባይ በተጨማሪ፣ ይህ የመስጠትና የመቀበል ሚዛን መዛባትም አስተዋጽኦ ስላለው ነው።

በከተማ በኩል ያለውን ገጽታ ስንመለከት ደግሞ ሥዕሉ ይበልጥ መሪር ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሚጥለው ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው። የጎመን ግንድ፣ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የሙዝ ቅርፊት፣ የቡና አተላ፣ የሸንኮራ ምጣጭ፣ የጫት ገራባ፣ ሣርና ቅጠል ነው። ይህ ሁሉ ከላስቲክና ከጠርሙስ ስብርባሪ ጋር ተቀላቅሎ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ ረጲ ሲጋዝ ኖረ። ሕዝቡ ቦታውን ቆሼ ብሎ ሰየመው። አየር በማያገኝ ክምር ውስጥ የታፈነ የሚበሰብስ ነገር የሚቃጠል ጋዝ ያመነጫል፣ ውኃ ያቁራል፣ ክምሩንም ያላላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ያ ተራራ ተንዶ በሥሩ በጎጆ ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገር ለሦስት ቀን ኀዘን ተቀመጠ።

ስለ ብስባሽ የሚደረግ ማንኛውም ውይይት ከዚህ መነሣት አለበት ብለን እናምናለን። በቆሼ የሞቱት ወገኖቻችን በድንገተኛ የተፈጥሮ አደጋ ብቻ አልሞቱም። ከተማው ከበላው የተረፈውን አንድ ቦታ ወስዶ በመደፋት ጉዳዩ ያበቃለት ስለመሰለው፣ በዚያም ክምር ላይ ለቃቅሞ የሚያድረው ድኻ ከክምሩ ሥር ሌላ መጠጊያ ስላላገኘ ነው የሞቱት። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው በረጲ ከቆሻሻ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። ይሁንና የጎመንና የልጣጭ ብዛት ያለበት ቆሻሻ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ነገር ደግሞ ለማቃጠል እሳቱን ይበላል እንጂ እሳት አይሰጥም። ለማቃጠልም ሆነ ለማበስበስ መጀመሪያ መለየት ግድ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ ተመልሶ የሚመጣው ወደ እያንዳንዱ ማድ ቤት በር ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ብስባሽ ማለት ቆሻሻን ክምር አድርጎ መርሳት አይደለም። ራሱን የቻለ ሳይንሳዊ ሕግ ያለው የምርት ሂደት ነው። ሠራተኞቹ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ እነርሱም እንደማንኛውም ሠራተኛ ምግብ፣ ውኃና አየር ይፈልጋሉ። ምግባቸው ከደረቁና ከእርጥቡ የተመጣጠነ መሆን ይገባዋል። በኬሚስቶች አነጋገር ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ለ1 እጅ ናይትሮጅን ማለት ነው። በገበሬ አነጋገር ደግሞ ገለባ፣ ደረቅ ቅጠልና አገዳ ከልጣጭ፣ ከለጋ ሣርና ከፍግ ጋር በንብርብር ይቀመጣል። እርጥቡ ከበዛ ይሸታል፤ ደረቁ ከበዛ ይተኛል። እርጥበቱ በእጅ ሲጨመቅ ጠብታ ብቻ የሚያወጣ ይሁን። ክምሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ቁመትና አንድ ሜትር ስፋት ካለው ከውስጥ እስከ 55 ወይም 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። ይህ ሙቀት ነው የአረም ዘርንና አብዛኞቹን የበሽታ ተሕዋስያን የሚገድለው። ክምሩ በመንሽ በተገላበጠ ቁጥር አየር ያገኛል፤ በሁለት ሦስት ወር ውስጥም ጥቁር፣ ብስባሽና እንደ ጫካ አፈር የሚሸት ይሆናል።

የትል እርባታ ከዚህ የሚቀጥል ደረጃ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው በማሳችን ጠልቆ የሚኖረው ትል ሳይሆን፣ በፍግና በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ከላይ የሚኖረው፣ በሳይንስ ስሙ አይሴኒያ ፌቲዳ የሚባለው ቀይ ትል ነው። ይህ ትል ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይስማማዋል፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ከሆነ ይሞታል። ስለዚህ የአዲስ አበባ፣ የደሴና የደብረ ብርሃን አየር ለትሉ የተመቸ ነው፤ የብርዱ ሌሊት ግን በገለባ መሸፈንን ይጠይቃል። በድሬዳዋና በመሳሰሉት ቆላማ ከተሞች ደግሞ ያለ ጥላና ያለ ውኃ እርባታው አይታሰብም። ትሉ በቆዳው ስለሚተነፍስ እርጥበት ይወዳል፤ ነገር ግን በውኃ ከተጥለቀለቀ ይታፈናል። ብርሃን ይሸሻል። ጨው፣ ዘይት፣ ሥጋና በርበሬ ያለበት ነገር አይስማማውም። ከዚህም የተነሣ የወጥ ትራፊ ለትል አይሰጥም፤ ልጣጭ፣ የቡና አተላና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ግን በደስታ ይቀበላል። ጉንዳንና ዶሮ ዋነኛ ጠላቶቹ ናቸው።

በዚህ ሥራ ላይ የሚሰበኩ ማጋነኖችን በቁጥር መመርመር ተገቢ ነው። አንድ ኪሎ ቀይ ትል በአማካይ በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ይበላል። አሁን 100 ቤተሰቦች ያሉበት አንድ ሠፈር እያንዳንዱ ቤት በቀን አንድ ኪሎ የሚበሰብስ ተረፍ ያወጣል እንበል። ይህን ሁሉ በትል ብቻ ለማስበላት 200 ኪሎ ትል ያስፈልጋል። በጥቂት ኪሎ ትል ለሚጀምር ማኅበር ይህ ሩቅ ግብ ነው። ትሉ በተመቻቸ ሁኔታ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ቁጥሩን እጥፍ ሊያደርግ ቢችልም፣ በምረቃ ማግሥት የሠፈሩን ቆሻሻ ሁሉ ሊጨርስ አይችልም። ከዚህ የምንደርስበት መደምደሚያ ግልጽ ነው። የብዛቱን ሥራ የሚሠራው ግለቱ ያለበት ክምር ሲሆን፣ ትሉ ደግሞ በከፊል የበሰበሰውን ተቀብሎ የሚያጣራ፣ ከክምሩ የሚበልጥ ጥራት ያለው ማዳበሪያ የሚያወጣ የእጅ ባለሙያ ነው። ከትሉ የሚወጣው ማዳበሪያ ለችግኝ መደብ፣ ለሰላጣና ለቆስጣ ይዋል፤ የክምሩ ብስባሽ ለሰፊው መደብ ይሂድ። የሥራ ክፍፍሉ ይህ ነው።

ሁለቱ የተሳሳቱ አመለካከቶች

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁለት አቅጣጫ የሚመጡ የተሳሳቱ አመለካከቶችን መታገል ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ንቀት ነው። ዘመናዊነትን ከነጭ ማዳበሪያ ጆንያና ከትራክተር ጋር ብቻ አያይዞ የሚያይ፣ ፍግና ብስባሽ የኋላ ቀርነት ምልክት የሚመስለው የተማረ ሰው በመካከላችን አለ። ይህ አመለካከት በምርምር ውድቅ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ፣ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በመሩት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት አማካይነት ከገበሬዎችና ከክልሉ የግብርና ቢሮ ጋር የተጀመረው የብስባሽ ሥራ፣ በኋላ በተሰበሰበው የምርት መረጃ ምንም ካልተደረገለት ማሳ ጋር ሲነጻጸር የእህል ምርትን በአመዛኙ በእጥፍ አሳድጓል፤ በብዙ ማሳዎችም ከኬሚካል ማዳበሪያው ጋር የሚወዳደር ወይም የሚበልጥ ውጤት አስገኝቷል። የተራቆተውና ድርቅ የሚያጠቃው መሬት ይህን ካሳየ፣ ከተማ ውስጥ ያለ ጓሮ የሚሰጠው ሰበብ አይኖረውም።

ሁለተኛው ስሕተት ግን ከመጀመሪያው ያልተናነሰ አደገኛ ነው። ይህም ብስባሽና ትል የኬሚካል ማዳበሪያን በአንድ ጀምበር ይተካሉ የሚለው የችኮላ እምነት ነው። 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። ብስባሽ ግን በአብዛኛው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ናይትሮጅን ብቻ ስላለው፣ ያንኑ 46 ኪሎ ለማግኘት ሦስት ቶን ያህል ብስባሽ ያስፈልጋል፤ ከዚህም ውስጥ ተክሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው በከፊል ነው። የብስባሽ ትልቁ ጥቅም አፈሩ ውኃ እንዲይዝ፣ እንዲፈረፈርና ሕይወት እንዲኖረው ማድረጉ ነው። ይህን ሂሳብ ሳይሠሩ የሚደረግ ውሳኔ ምን እንደሚያስከትል ስሪላንካ አሳይታለች። የዚያች አገር መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደይ ወራት የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከለከለ። የሩዝና የሻይ ምርት ወደቀ፤ ገበሬው አደባባይ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይም እገዳው በአብዛኛው ተነሣ። በሳይንስ ላይ ያልቆመ ጥሩ ሐሳብ የጥሩውን ሐሳብ ጠላቶች ያጠናክራል።

ስለሆነም ትክክለኛው አቋም ሁለቱንም በየቦታቸው ማስቀመጥ ነው። ሰፊው የስንዴና የጤፍ ማሳ ብስባሽንና ኬሚካልን አቀናጅቶ ይሥራ። የከተማው የጋራ ጓሮ ግን ስፋቱ ጥቂት፣ ጥሬ ዕቃው በደጁ፣ ጉልበቱም ቅርብ ስለሆነ በብስባሽና በትል ብቻ ሊሠራ ይችላል። ሦስት ቶን ብስባሽ ለአንድ ሄክታር ማሳ ብዙ ድካም ነው፤ ለጥቂት የቆስጣና የካሮት መደቦች ግን አንድ ሠፈር በጥቂት ወራት ውስጥ ከራሱ ማድ ቤት የሚያወጣው ነው።

የሌሎች አገሮች ተመክሮ

በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ ትምህርት የሚሰጠው የኩባ ተመክሮ ነው። ኩባ የትል ማዳበሪያን ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1986 በሁለት አነስተኛ ሣጥን ትሎች ነበር። በዚያን ጊዜ ሥራው የጥቂት ተመራማሪዎች ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የኩባ የነዳጅ፣ የማዳበሪያና የምግብ ምንጭ በአንድ ጊዜ ደረቀ። ሕዝቡ ተራበ፤ ትራክተሩ ቆመ። በሃቫና ባዶ ቦታዎች፣ ፍርስራሽ በነበረባቸው ማዕዘኖችና በመሥሪያ ቤቶች አጠገብ ኦርጋኖፖኒኮ የሚባሉ፣ በግድግዳ ታጥረው በብስባሽ የተሞሉ የአትክልት መደቦች ተዘረጉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የአገሪቱ የትል ማዳበሪያ ማዕከላት ከ170 በላይ ደርሰው በዓመቱ 93 ሺሕ ቶን ያህል አምርተዋል።

ከዚህ ተመክሮ የምንወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ችግሩ ሲመጣ ኩባ ከባዶ አልጀመረችም፤ በደኅናው ጊዜ የተዘጋጀ ዕውቀትና የተራባ ትል ነበራት። ዝግጅት የሚደረገው ሳይርብ ነው። ሁለተኛ፣ ኩባ ዛሬም ከምትመገበው አብዛኛውን ከውጭ የምታስገባ አገር ናት። የከተማ ጓሮ የሰላጣውን፣ የጎመኑንና የቲማቲሙን ችግር ቢያቃልልም የሩዙን፣ የስንዴውንና የዘይቱን ችግር አልፈታም። ይህን ሳይደብቁ መናገር ለሥራው ክብር መስጠት ነው።

ዋናው ጥያቄ የአደረጃጀት ነው

ከላይ እንዳየነው የዘዴው ዕውቀት አለ። ጥሬ ዕቃው ሞልቷል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረው የሌማት ትሩፋት ወዲህም የከተማ ግብርና የሚለው ቃል በየወረዳው አዳራሽ ይሰማል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ አባወራና እማወራ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ተረፍ ለይቶ እንዲያስቀምጥ ካዘዘ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ታዲያ የጎደለው ምንድነው? የጎደለው አደረጃጀት ነው እንላለን።

ቆራሌውን እንመልከት። ጧት በየሠፈሩ እየጮኸ የሚያልፈው ይህ ሠራተኛ፣ ያለ ስብሰባና ያለ መመሪያ፣ ብረቱን፣ ጠርሙሱንና ፕላስቲኩን ከከተማው ቆሻሻ ለይቶ ያወጣል። ይህን የሚያደርገው ለዕቃው ዋጋ ስላለው ነው። ለጎመን ግንድ ግን ዋጋ የሰጠ የለም። የሚበሰብሰው ተረፍ ዋጋ የሚኖረው አንድ ሰው በአቅራቢያው ሲፈልገው ብቻ ነው፤ የጋራ የአትክልት ሥፍራ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ጓሮው ለሠፈሩ ልጣጭ ፈላጊ ይሆናል። አንዲት እናት የሽንኩርቷን ልጣጭ ለብቻ የምታስቀምጠው በሰሌዳ ላይ የተጻፈ መፈክር አንብባ አይደለም፤ ልጣጩ ከሦስት ወር በኋላ ጎመን ሆኖ ሲመለስ ስታይ ነው።

የሥራው ባለቤት ማን ይሁን የሚለውም መልስ ያሻዋል። በቆሻሻ ላይ ዕውቀትና ጉልበት ያላቸው ቤት ለቤት የሚሰበስቡት የጽዳት ማኅበራት ናቸው። የሰበሰቡትን በሙሉ ወደ ገንዳ ለመጫን ብቻ የሚከፈላቸው ከሆነ፣ እርጥቡን ለይተው ለጓሮው የሚሰጡበት ምክንያት የለም። ወደ ጓሮ የገባው ኪሎም እንደተጫነው ኪሎ ሊቆጠርላቸው ይገባል። ሕዝቡን በማስተባበር በኩል ደግሞ አዲስ ኮሚቴ መፍጠር አያስፈልግም። ዕድር አለ። ተራ ጠብቆ መሥራትን፣ የጋራ ዕቃን መጠበቅን፣ የቀረውን መቅጣትን ያውቃል። ድንኳንና ድስት በጋራ የሚይዝ ዕድር መንሽና አካፋ በጋራ ለመያዝ አይቸገርም። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ፣ በትምህርት ቤቶችና በጤና ጣቢያዎች አጠገብ ያለው ቦታም ለዚህ ሥራ የሚበቃ ነው።

በሌላ በኩል ይህን ሥራ ከምንም በላይ የሚገድለው የዘመቻ በሽታ ነው። ዳስ ተሠርቶ፣ ሣጥን ተደርድሮ፣ ትል ተከፋፍሎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመረቃል፤ ሪፖርቱም ይላካል። ነገር ግን ትል በበዓል ቀንም ይበላል። በክረምት ጎርፍ፣ በበጋ ድርቀት ይሞታል። ለቅዳሜና ለእሑድ ተረኛ ያልተመደበለት፣ ጣሪያውን የሚያድስ ባለቤት የሌለው እርባታ በስድስት ወር ውስጥ ባዶ ሣጥን ይሆናል። ስለዚህ ውጤት መለካት ያለበት በተመረቁት ዳሶች ቁጥር ሳይሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ትል ያለባቸው ሣጥኖች ስንት ናቸው በሚለው ነው። እንዲህ ያለ ቆጠራ የማይደረግበት ወረዳ ስለ ውጤቱ አፉን ሞልቶ ሊናገር አይገባም።

ሌላው የማይታለፍ ነጥብ የመሬት ዋስትና ነው። አፈር በአንድ ዝናብ አይገነባም። ብስባሽ ያስገባ ሰው ዋጋውን የሚያገኘው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው። ዘንድሮ ለአትክልት የተሰጠው ቦታ ለከርሞ ለግንባታ ይፈለግ እንደሆነ የማያውቅ ማኅበር፣ ቶሎ የሚያደርሰውን ዩሪያ በትኖ ያገኘውን ለቅሞ ይሄዳል እንጂ አፈር አያለማም። ይህም ሰውየው ስግብግብ ስለሆነ ሳይሆን ሁኔታው እንዲህ ስለሚያስገድደው ነው። ለጋራ ጓሮ የሚሰጥ ቦታ በጽሑፍ የተረጋገጠ የአምስት ወይም የአሥር ዓመት ዋስትና ይኑረው። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ግዴታ ከተፈለገም የለማው አፈር እንደ ንብረት ተቆጥሮ ካሣ ይከፈልበት።

በመጨረሻም የጤና ጥበቃ ጉዳይ ቸል ሊባል አይገባም። በአቃቂ ወንዝ ገባሮች ዳር በተበከለ ውኃ የሚለማው አትክልት ከባድ ብረታ ብረት እንደሚገኝበት በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። ብስባሽ ይህን አያጠራም። ባትሪ፣ ቀለም የተቀባ እንጨት፣ የመድኃኒት ብልቃጥና የፋብሪካ ዝቃጭ የገባበት ክምር መርዙን ወደ ሰላጣ ያሻግረዋል። ስለሆነም ከገንዳ ከተቀላቀለ ቆሻሻ ብስባሽ ለመሥራት መሞከር ስሕተት ነው፤ መለየቱ ከምንጩ ይጀምር። ውኃውም ከቧንቧ ወይም ከጣሪያ ከተጠራቀመ ዝናብ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ ምን እንደመድማለን?

የአንድ ከተማ ሥልጣኔ የሚለካው በሕንፃዎቹ ቁመት ብቻ አይደለም። ከበላው የተረፈውን የት ያደርሰዋል? በማን ደጃፍ ይደፋዋል? የሚለው ጥያቄም መለኪያ ነው። አዲስ አበባ ይህን ጥያቄ ለግማሽ ምዕተ ዓመት በቆሼ ስትመልስ ኖራ፣ ዋጋውን የከፈሉት ከሁሉ የደኸዩት ልጆቿ ሆኑ። ከተማው የሚበላው እህል ከአርሲ፣ ከጎጃም፣ ከሸዋና ከወለጋ አፈር የተነሣ ነው። ያንን ሁሉ ዕዳ የአንድ ሠፈር ጓሮ አይከፍለውም። ነገር ግን ዕዳ መክፈል የሚጀመረው ዕዳ መኖሩን በማመን ነው። በእያንዳንዱ ማድ ቤት ውስጥ ሁለት ባልዲ በተቀመጠ ቀን፣ አንዱ ለሚበሰብሰው አንዱ ለማይበሰብሰው፣ ከተማው ዕዳውን አምኗል ማለት ነው።

አፈር ንግግር አይሰማም፤ የገባለትን ብቻ ይቆጥራል። በመጪው ክረምት ዝናብ ከመግባቱ በፊት በአንድ ሠፈር ውስጥ አንድ ጣሪያ ያለው ክምር፣ አንድ ጥላ ያለው የትል ሣጥንና በስም የታወቀ ተረኛ ቢኖር፣ ስለ ከተማ ግብርና ከሚደረጉ ብዙ ስብሰባዎች የበለጠ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ሥራውን የሚጀምሩት ዕድሮችና የጽዳት ማኅበራት ናቸው። የመሬት ዋስትናውንና የኪሎ ክፍያውን የሚወስነው ደግሞ አስተዳደሩ ነው። ሁሉም የየድርሻውን ይወጣ።